ቀዩ ፊኛ በዘጠነኛዋ ደቂቃ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ወይዘሮ ብርቄ ሳሙና ልትሠራ ግቢዋ ውስጥ ግማሽ በርሜል አስቀምጣ ኮስቲክ ሶዳ ስትበጠብጥ ሽታው አጥሩን ዘልሎ መጣብኝ። እኔ በረንዳዬ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ጋዜጣ አነብ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ ፀሐይ መሞቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ጡረታ የወጣ ሰው ደግሞ ሌላ ሥራ የለውም። ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ሲደርሰኝ ጋዜጣው ከእጄ ወደቀ። «ጋሼ፣ አስቸገርኩዎት እንዴ? ልክደነው?» አለችኝ በአጥሩ ቀዳዳ። «ኧረ ምንም አይደል፣ ሥራሽን ሥሪ» አልኳት፤ ግን ተነሥቼ ገባሁና በሩን ዘጋሁት። ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። ሳሙና ፈርቼ በር ዘጋሁ ብል ማን ያምነኛል?

ያ ሽታ ለእኔ የሳሙና ሳይሆን የፊኛ ሽታ ነው። በደርግ ዘመን፣ ጎፈሬዬን በሚዶ የማበጥር ጎረምሳ ሳለሁ፣ ከጎረቤላ ከተማ ወጣ ብሎ የአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ በነበረች የነፋስ መለኪያ ጣቢያ ተቀጥሬ ነበር። ጣቢያ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የሬዲዮ መገናኛ፣ በሦስት እግር የቆመ ቴዎዶላይት የሚባል መነጽር፣ ሌላ ምንም አልነበረም። በብረት ጋን ውስጥ ኮስቲክ ሶዳና የአሉሚኒየም ቁርጥራጭ ከውሃ ጋር እንቀላቅላለን፤ ይፈላል፣ ይሸታል፣ የሚወጣው ሃይድሮጅን ፊኛውን ይነፋዋል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንለቀዋለን። አንዳችን በመነጽሩ እየተከተለ በየደቂቃው ማዕዘኑን ይጠራል፣ ሌላው ቅጹ ላይ ይጽፋል። ፊኛው ወዴት እንደሄደ ካወቅን በዚያ ከፍታ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አወቅን ማለት ነው። ከዓይን ሲሰወር «ጠፋ» ተብሎ ይጻፍና ቅጹ እዚያ ላይ ይዘጋል። ከዚያ በላይ ያለው ቦታ ባዶ ይቀራል።

ደመወዝ ስቀበል ወደ ደብረ ብርሃን የምመጣበትን ቀን ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል። ከገብስ ጆንያ በላይ ተቀምጬ፣ ጆሮዬ በብርድ ደንዝዞ፣ የጭነት መኪናው ሲያንገጫግጨኝ እቆይና መናኸሪያው ጥግ ካለችው ሻይ ቤት ዘው እል ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ፓስቲ እንደዚያው። ኪሱ ውስጥ ሁለት ስሙኒ የሚያንኳኳ ሰው ጌታ ነበር። አሁን በዚያ ቦታ ላይ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ሻይ የጠየቅሁ ቀን ዋጋውን ሰምቼ ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ። ከልብስ ሰፊው ዘንድ እግሩ ሥር እንደ ቀሚስ የሚንዘረፈፍ ቡናማ ቤልቦተም ሱሪ አሰፍቼ ነበር፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ነፋሱ ሲገባበት ከፊኛው ቀድሞ እኔን ሊያበረኝ ይደርስ ነበር። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ ሰልፍ ሰልፍ የሚል ማርሽ ይወጣል፤ በማርሽና በማርሽ መሐል አንዳንዴ አንድ የክራር ዜማ ሾልኮ ይመጣና ሰው ሁሉ ሲኒውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዝም ይላል። ማንም ቀና ብሎ ማንንም አያይም። ዘመኑን ከዚህ በላይ መግለጥ አልችልም፤ የቀረውን ሌሎች ጽፈውታል።

አለቃዬ ጋሽ ወልደየስ ይባሉ ነበር። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ከንጉሡ ጊዜ የተረፈ ጋባርዲን ካፖርት ከላያቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ አልነበራቸውም፤ ሰማይ ግን ነበራቸው። ፊኛው የተወሰነ ከፍታ ላይ ሲደርስ እንደ ሰከረ ሰው መወላገድ ይጀምራል፤ ከፍ ይላል፣ ይቆማል፣ ዝቅ ያለ ይመስላል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን መነጽሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ወልደየስ ሳቁብኝ። «አየር አንድ ወጥ አይምሰልህ፣ ግርማ። ውሃ ድንጋይ ሲያጋጥመው እንዴት ነው? ዘሎት ሲያልፍ ወዲያ ማዶ እየተንከባለለ ይሄዳል። ነፋስም ይህን ተራራ ሲያገኝ እንደዚያው ነው፤ ማዕበል ይሆናል። ዓይናችን ስለማያየው የለም እንላለን እንጂ።» ከዚያ ከሣጥናቸው አንዲት የተበጣጠሰች መጽሔት አወጡ። በምድር ዋልታ አካባቢ የተነሣ ፎቶግራፍ ነበረበት፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከደመና ሁሉ በላይ የሚያበራ፣ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም ትልም ያለው ደመና። «ከተራራ የተነሣ ማዕበል ሽቅብ ይወጣል፤ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ እሱ እየገዘፈ ይሄድና በመጨረሻ እንደ ባሕር ማዕበል ይሰበራል። ይኼ ትልም የዚያ ፊት ነው። የዋልታው ሰማይና የእኛ አንኮበር አንድ ሕግ ነው ያላቸው» አሉኝ። ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ ያቀርር ነበር። በብርዱ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ፊኛው ቀለም ነበረው። ሰማዩ ጥርት ሲል ነጭ፣ ደመና ሲበዛ ቀይ ይለቀቃል። ነጩ የፀሐይ ብርሃን ይዞ በሰማያዊው ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ቀዩ ግን ከፍ ሲል ይጠቁርና ሰማዩ ውስጥ ይሟሟል። ይህን ማንም ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ይማረዋል። በበጋ ጠዋት ደግሞ ነፋሱ ከአልዩ አምባ ቆላ ሽቅብ ወደ እኛ ይነፍሳል፤ ከላይ ግን ሌላ፣ የበረታ፣ ከምዕራብ የሚመጣ ነፋስ አለ። ስለዚህ ፊኛችን መጀመሪያ ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳል፤ ወደ አሥራ ሁለተኛዋ ደቂቃ ገደማ ሁለቱ ነፋሶች የሚፋተጉበት ቦታ ሲደርስ ይወላገዳል፤ ከዚያ ዞሮ በራሳችን ላይ አልፎ ወደ ቆላው ይነጉዳል። እዚያ ፈንድቶ ይወድቃል። ሰይድ የሚባል የአልዩ አምባ በርበሬ ነጋዴ በገበያ ቀን በቅሎውን እየነዳ ሲወጣ የወደቀውን የላስቲክ ቅዳጅ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣልን ነበር። «አሰላሙ ዐለይኩም! ዕቃችሁን ማሳዬ ላይ አገኘሁት። የሰው ንብረት ነው፣ ወላሂ እንዴት ልተወው?» ይላል። ምንም አይጠቅመንም ብንለው እንኳ ማምጣቱን አልተወም። ሰው ቅን ሲሆን እንዲህ ነው።

ያን በጋ ግን ነጭና ቀይ ቀለም ብቻ መሆናቸው ቀረ። ነጭ ሽብር፣ ቀይ ሽብር የሚባልበት ወራት ነበር። ጎረቤላ ላይ ጓድ ክፍሉ የሚባል ካድሬ መጣ፤ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ ካኪ ሱሪና ኮት የለበሰ፣ ጥርሱ የሚያምር ልጅ። አንድ የገበያ ቀን ሰይድ ነጭ ላስቲክ በወረቀት ጠቅልሎ ሲሰጠን ጓድ ክፍሉ ቆሞ ተመለከተን። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ጣቢያችን መጣና ፊኛውን ስንለቅ ተመለከተ። ነጩ ፊኛ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደ፣ ተወላገደ፣ ዞረ፣ በራሳችን ላይ አልፎ ወደ ቆላው ሄደ።

«ማነው የመለሰው?» አለ።

«ነፋስ ነው፣ ጓድ» አሉ ጋሽ ወልደየስ።

«ነፋሱ እኮ ወደ ደብረ ብርሃን ነው የሚነፍሰው። ኮቴን አታየውም እንዴ?»

«ላይ ሌላ ነፋስ አለ። የዚህኛው ተቃራኒ ነው።»

ተቃራኒ! ሌላ ቃል ጠፍቶ። በዚያ ወራት ተቃራኒ የሚባለው የአብዮቱ ጠላት ነበር።

«እሺ፣ ተቃራኒው ቆላ ያደርሰዋል፣ ያ ነጋዴ ደግሞ መልሱን ያመጣልሃል። ነጭስ ለምን ሆነ?»

«ሰማዩ ጥርት ስላለ።»

«ከነገ ጀምሮ ቀይ ይሁን።»

«ጥርት ባለ ሰማይ ቀይ አይታይም፣ ጓድ።»

«ቀይ አይታይም?» አለ ጓድ ክፍሉ፣ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እያኘከ። ከጠመንጃ ያዦቹ አንዱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሄዱ።

በማግስቱም ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ነበር። የጋሽ ወልደየስን እጅ ይዤ ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ቀይ እንልቀቅ። በጠፋበት ይጥፋ።» ነጩን ፊኛ እየነፉ፣ «ፈርተሃል፤ ብትፈራ አልፈርድብህም። እኔም ፈርቻለሁ። ግን አይታይም ካልኳቸው በኋላ ቀይ ብለቅ ትናንት ዋሽቼ ነበር ማለት ነው» አሉኝ። እሳቸው በመነጽሩ እያዩ ይጠራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እስከ ሃያ ስድስተኛዋ ደቂቃ ታየ። ቀትር ላይ የጓድ ክፍሉ ሰዎች መጡ። «ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» አሉኝ። ያን ጊዜ ለጥያቄ የተባለ ሰው አሁን እንደማይመለስ ልጅ እንኳ ያውቅ ነበር። ጋሽ ወልደየስ ካፖርታቸውን ቆለፉ፣ መነጽሩን እንድሸፍነው ነገሩኝ፣ ሄዱ።

የቀጣዩን ጠዋት እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ቀዩን ፊኛ ነፋሁ። ብቻዬን ስለሆንኩ አንዴ ማየት አንዴ መጻፍ ነበረብኝ። ኮረብታው ጫፍ ላይ አንድ ጠመንጃ የያዘ ሰው ተቀምጦ ይመለከተኛል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አምስተኛዋ ደቂቃ ላይ ፊኛው ጠቆረ፣ ሰባተኛዋ ላይ ነጥብ ሆነ፣ በዘጠነኛዋ ደቂቃ ጠፋ። መነጽሩን ወዲያ ወዲህ ባዞረው ሰማያዊ ብቻ ነው። «ጠፋ» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አስጠጋሁ፣ ከዚያ ቆምኩ። ጥርት ባለ ቀን ቀይ ፊኛ ጠፋ ብዬ ከፈረምኩ እኔም ቀይ አይታይም አልኩ ማለት ነው። ዓይኔን መነጽሩ ላይ እንደ ጣልኩ፣ የሚታየኝ ነገር ሳይኖር፣ በየደቂቃው አንገቴን ወደ ቅጹ እየደፋሁ የትናንቱን የጋሽ ወልደየስን ቁጥር ገለበጥኩ። ከአሥረኛዋ እስከ ሃያ ስድስተኛዋ ደቂቃ። ባዶ ሰማይ ሳይ አሥራ ሰባት ደቂቃ ቆምኩ። ኮረብታው ላይ ያለው ሰው ሲጋራውን ጨርሶ ሄደ። ውጤቱን በሬዲዮ አስተላለፍኩ፤ ተቀባዩ አመሰገነኝ። የቅጹን ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ እንደ ደንቡ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላክሁ።

ሚስት አልነበረኝም፣ ልጅ አልነበረኝም። ለቤተሰቤ ስል ነው እንዳልል ምክንያት እንኳ የለኝም። የፈራሁት ለራሴ ቆዳ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከአንድ ባለርስት የተወረሰ ቤት ነበር፤ ግድግዳው ላይ የተነቀሉ ሥዕሎች ቦታቸው ነጥቶ ይታያል። ጓድ ክፍሉ ከጣቢያው ያስወሰዳቸውን ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷቸው ነበር፤ የጋሽ ወልደየስ ነጩ፣ የእኔ ቀዩ። ቁጥር የሚያነብ ማንም ሰው አንዴ ዓይኑን ቢጥል ከታች ያለው አሥራ ሰባት ረድፍ ቁርጥ አንድ ነው። ጣቱን በአንዱ ቅጽ ላይ አስሄደ፣ በሌላው ላይ አስሄደ፣ ቆመ። አለቀልኝ አልኩ።

«አንድ ዓይነት ነው» አለ።

ጣቱን ከቅጹ ላይ አነሣ።

«ይኸው! ቀዩም እንደ ነጩ እስከ ሃያ ስድስተኛዋ ደቂቃ ታይቷል። ቁጥሩም ያው ነው። ጎበዝ ልጅ!» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ቅጾቹን አጥፎ ኪሱ ከተተና «አምጡት» ብሎ ጮኸ።

ጋሽ ወልደየስን ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጧቸው። ጫማ አልነበራቸውም፣ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ካፖርታቸው ግን እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። እኔን ሲያዩ ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

«ቀይ አይታይም ብለሃል» አለ ጓድ ክፍሉ። «ረዳትህ ግን በማግስቱ፣ በዚያው ጥርት ባለ ሰማይ፣ ቀይ ለቆ እስከ ሃያ ስድስተኛዋ ደቂቃ አይቶታል። እንግዲህ ነጩን ለምን እንደ ፈለግኸው ንገረን። ለማን ነው የምትልከው?»

ጋሽ ወልደየስ ግራ ገባቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ፍርሃት አልነበረም፤ አዲስ ነገር የሰማ ሰው መደነቅ ነበር። «ሃያ ስድስት?» አሉ። «የዚያን ቀን ሰማዩን አላየሁትም። ያላየሁትን አልናገርም። ያየው እሱ ነው፣ እሱን ጠይቁት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በመስኮቱ የገበያው ጫጫታ ይሰማል፤ አንድ ሰው በግ ዋጋ ይከራከራል። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። «አላየሁትም» ብል እሳቸው ይተርፉ ነበር ወይ? ምናልባት። እኔ ግን በእሳቸው ቦታ እቆም ነበር። እግራቸው ላይ የተጠቀለለውን ጨርቅ አየሁ። ጨርቁን ባላየው ኖሮ ሌላ ሰው እሆን ነበር እያልኩ ራሴን ደልዬ አውቃለሁ።

«አይቼዋለሁ» አልኩ።

ጋሽ ወልደየስ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልክ ቅጽ ሳመጣላቸው ተቀብለው እንደሚነቀንቁት። ወሰዷቸው። ሰይድን በሚቀጥለው ገበያ ሊይዙት ጠብቀው ነበር፤ ወሬው ቀድሞት ኖሮ ከዚያ በኋላ ያን ገደል ወጥቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ በዓመቱ እድገት ተሰጥቶኝ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ። በእድገቱ የመጀመሪያ ደመወዝ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዛሁ፤ ሌሊት ሌሊት ግን ብርዱ ከየት እንደሚገባ አላውቅም። የመኪና ድምፅ በሠፈሩ ባለፈ ቁጥር ቁጭ እል ነበር። ቅጾቹን ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው የመጣ ይመስለኛል። መንገድ ላይ ጋባርዲን ካፖርት ሳይ ወደ ማዶ እሻገራለሁ።

ዓመታት አለፉ። ያው መንግሥት ገና ሳይወርድ፣ ቤልቦተም ግን ከፋሽን ወጥቶ ሳለ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው ጋሽ ወልደየስ ናቸው። ምሕረት ተደርጎላቸው ከተፈቱ ሳምንታቸው ነበር። ጥርሳቸው ረግፏል፣ ከዘራ ይዘዋል። በሩን ይዤ ነው የቆምኩት። ሊበቀሉኝ የመጡ መሰለኝ። «ይግቡ አትለኝም እንዴ?» አሉኝ። አስገባኋቸው። ወንበር ሰጠኋቸው፣ ወተት አፈላሁላቸው፤ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አሉ። «ውስጥ ሆኜ ስንት ዓመት ሳሰላው ኖርኩ። ያ ቀይ ፊኛ እንዴት ታየ? አቧራ ነበር? ስስ ደመና ነበር? ማዕበሉ ነው እንዴ ዝቅ አድርጎ የያዘው? ሁሉንም ሞክሬ አልሆነልኝም። በኋላ በኋላ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። ሃያ ዓመት የተሳሳተ ነገር ሳስተምር የኖርኩ መሰለኝ። ግርፋቱን ረስቼዋለሁ፣ ይኼኛው ግን እንቅልፍ ነሣኝ።»

አመኑኝ ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ውሸታም ነው ሳይሉ፣ የራሳቸውን ዓይን ተጠራጥረው ኖሩ። ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

«ጋሼ፣ አላየሁትም» አልኩ። «በዘጠነኛዋ ደቂቃ ጠፋብኝ። የቀረውን ከእርስዎ ቅጽ ገለበጥኩት።»

ይጮሁብኛል፣ በከዘራው ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ ሳቁ፤ ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ እንባቸው እየወረደ፣ እንደ ልጅ ሳቁ። «በዘጠነኛዋ!» አሉ። «አዎ፣ በዘጠነኛዋ ነው የሚጠፋው።» ወተቱን ጨረሱ። ሲነሡ ትከሻዬን ይዘው ነው የተነሡት፤ ሌላ የሚደገፉት ነገር ስላልነበረ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «የዚያን ቀን የላይኛው ነፋስ ወዴት እንደ ነበር ማንም አያውቅም። ዋናው መሥሪያ ቤት ሂድና ቅጹን ሰርዘው» አሉኝ። «እሺ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

በዓመቱ ሞቱ። ሥርዓቱ ወደቀ፣ ሌላ መጣ፣ እሱም ሄደ። ጓድ ክፍሉ የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። ዋናው መሥሪያ ቤት ለመሄድ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ አውቃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ማመልከቻዬን በፖስታ አድርጌ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ጫጫ ከተማ ስንደርስ ወራጅ አለ ብዬ ወርጄ፣ በሌላ ሚኒባስ ተመልሻለሁ። የሚያስረኝ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ቅጹ ዛሬም እዚያው መዝገብ ውስጥ ነው፤ በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ ጥርት ባለ ሰማይ፣ ቀዩ ፊኛ እስከ ሃያ ስድስተኛዋ ደቂቃ ይታያል።